ዝናብ የሚጠብቅ ዝናብ ይቁጠር

(በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በለገዳዲና በሰንዳፋ መካከል በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለአርሶ አደሮች፣ ለዕድር አባላት፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ተማሪዎች ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ? አካም ጅርቱ?

የግንቦት መጨረሻ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መሬቱ መታረስ አለበት፣ ዘር መመረጥ አለበት፣ የማዳበሪያ ወረፋ አለ። ያን ሁሉ አቁማችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኮንዶሚኒየሙ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችንም "እኛ ምን እርሻ አለንና?" ሳትሉ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጉዳዩ የእናንተም ነው፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድርቅ ነው። ክረምቱ ደጃችን ደርሶ ሳለ ስለ ድርቅ ማውራት ሟርት አይደለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። ስለ ድርቅ መወራት ያለበት ዝናብ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚወራው ስለ እርዳታ ነው እንጂ ስለ ድርቅ አይደለም።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ድርቅ እንዴት እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደሚታወቅ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሦስተኛ፣ ካወቅን በኋላ ምን እናደርጋለን።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ጎርፍ ሲመጣ ይጮኻል። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ይነግረናል። ድርቅ ግን የሚጀምረው በመልካም ቀን ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፣ መንገዱ አይጨቀይም፣ ልጆች ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። በዚያን ቀን ማን ይደነግጣል? ማንም አይደነግጥም። ማግስቱም እንዲሁ ያልፋል፤ ሳምንቱም እንዲሁ።

እኔ የተወለድኩት ራያ፣ ቆቦ አካባቢ ነው። እዚያ ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ፣ በሚያዝያ ነው፤ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳልና። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። አባቴና ጎረቤቶቹ "ማሽላው ቢቀር ጤፍ አለ፤ ሐምሌን እንጠብቅ" አሉ። ሐምሌም ካፊያ እየጣለ አለፈ። ልጅ ነበርኩ፤ በደንብ የማስታውሰው ግን ሰማዩን ሳይሆን ገበያውን ነው። አባቴ መጀመሪያ ፍየሎቹን ሸጠ። ቀጥሎ ቦራ የምንለውን በሬያችንን ይዞ ወጣ። ማታ ሲመለስ በተዋሰው አህያ አንድ ጆንያ ማሽላ፣ እሱም ያልሞላ፣ ጭኖ ነበር። እናቴ እህሉን በቁና ሰፈረችው። ደግማ ሰፈረችው። በደህና ጊዜ አንድ በሬ ተሸጦ ስንት ጆንያ እንደሚያስጭን ታውቃለች። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ልብ በሉልኝ፤ ያን ዕለት ገበያው ላይ እህል ነበር። ያልነበረው የበሬ ዋጋ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን በሬውን ይዞ ወጥቶ፣ የሚገዛ ጠፋ። ዛሬ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ከየገበያው እየሰበሰቡ ከሚከታተሏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ይገዛል? ይህ ቁጥር መውረድ ሲጀምር፣ ገና ማንም ሳይራብ፣ ረሀቡ መንገድ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ በ1977 የሆነውን ታላላቆቼ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልዘረዝረውም።

እንግዲህ ድርቅ በደረጃ ነው የሚሄደው። ዝናብ ያጥራል። ቀጥሎ አፈሩ እርጥበቱን ያጣል። ቀጥሎ ምንጩና ወንዙ ይጎድላል፣ ግድቡ ይወርዳል። ቀጥሎ ገበያው ይዛባል። መጨረሻ ላይ ሰው ይጎዳል። በአንዱና በሌላው መካከል ሳምንታት አሉ፤ አንዳንዴም ወራት አሉ። እነዚያ ሳምንታት የእኛ ናቸው! እነዚያን ሳምንታት ነው የምናባክናቸው!

መንስኤውስ? የክረምታችን ዝናብ ከሩቅ የሚመጣ ነው። እርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስም፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩልም የሚያመጡ ነፋሶች አሉ። እነዚህ ነፋሶች ደግሞ የፓስፊክ ውቅያኖስን ጠባይ ይከተላሉ። በመካከለኛውና በምሥራቃዊው ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ የባሕሩ የላይኛው ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ እንለዋለን። ኤልኒኖ ሲበረታ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል፤ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ። በ2007 ዓ.ም. ያየነው እሱን ነው። መጀመሪያ በልጉ ቀረ፤ ቀጥሎ ክረምቱ ተዛባ፤ በ2008 የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ይህ በሴፍቲኔት ከሚደገፉት ሌላ ነው።

ባሕሩ ሲቀዘቅዝስ? ላኒና ይባላል። ያኔ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ታዲያ ደስ ይበለን? ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን። ቦረና፣ ጉጂና ሶማሌ ዋናው ዝናባቸው እንደኛ የሐምሌና የነሐሴ አይደለም። እነሱ ሁለት የዝናብ ወቅት አላቸው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ቦረናዎች የመጀመሪያውን "ገና"፣ ሁለተኛውን "ሐገያ" ይሉታል። ላኒና የእነሱን ዝናብ ያሳጥራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሲቆይ፣ እነሱ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ቀረባቸው። አምስት! እኛ በዚያ ጊዜ ሐምሌ ሲደርስ ጃንጥላ እንይዝ ነበር። የአንዱ ጥጋብና የሌላው ድርቅ ከአንድ ውቅያኖስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የራሱን ማሳ ብቻ የሚያይ ሰው ድርቅን እየተከታተለ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፤ እንዴት ይታወቃል?

በአገራችን ይህን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በኢጋድ ሥር ናይሮቢ ላይ የአየር ንብረት ማዕከል አለ፤ የየአገሩን ባለሙያዎች በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከየዝናቡ ወቅት በፊት፣ ሰብስቦ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው በሬዲዮ ሲነገር ትሰማላችሁ፦ "መደበኛ"፣ "ከመደበኛ በላይ"፣ "ከመደበኛ በታች"። ስንቶቻችን ነን ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀን የምናውቅ?

ያለፉትን 30 ክረምቶች ትንሽ ከዘነበበት እስከ ብዙ ከዘነበበት ደርድሯቸው። ለሦስት እኩል ክፈሏቸው። የታችኞቹ 10 ከመደበኛ በታች፣ የመካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ የላይኞቹ 10 ከመደበኛ በላይ ናቸው። ምንም ትንበያ ባይኖር የሦስቱም ዕድል 33 በመቶ ነው። እንግዲህ ባለሙያው "ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው" ቢል ዝናቡ ይቀራል አላለም! መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ አሁንም 55 ነው። ግን ሚዛኑ አዘንብሏል። እንዲህ ባለ ዓመት ብልህ ገበሬ መሬቱን በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዘር አይሸፍንም፤ የተወሰነውን ቶሎ ለሚደርስ ያስቀምጣል። ትንበያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ መደበኛ ሆኖ ሲገኝ "ዋሹን" ብለን ሬዲዮውን የምንዘጋ ከሆነ ግን ማንንም አልጎዳንም፤ ራሳችንን እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ትንበያ የሚነግረን የወቅቱን ድምር ነው። ድምሩ መደበኛ ሆኖ ግን ዝናቡ በሰኔ ጠፍቶ በነሐሴ ዶፍ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ለገበሬ ይህ መደበኛ ነው? አይደለም። ለዚህ ነው የወቅቱን ትንበያ የሰማ ሰው የአሥር ቀኑንና የዕለቱንም መከታተል ያለበት።

ሌላው ሳተላይት ነው። ቺርፕስ የሚባል የዝናብ መረጃ አለ፤ የሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚያዘጋጁት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ ያለውን የያዘ፣ ምድርን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን እየከፈለ የሚያሳይ። የልጆቻችሁ ሞባይል ላይ ካርታው ይከፈታል። ቀዩ ዝናብ ያጠረበት፣ ሰማያዊው የበዛበት ነው። ግን ሳተላይቱ ዝናቡን ራሱን አያይም። የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው የሚያየው፤ በጣም የቀዘቀዘና ከፍ ያለ ደመና ዝናብ ያለው ነው ብሎ ይገምታል። ሜዳ ላይ ይህ ይሠራል። እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ግን ደመናው ብዙ ከፍ ሳይል ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ግምቱም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ግምቱ መሬት ላይ በተለካ ዝናብ ይታረማል። መሬት ላይ ማን ይለካል? የሚለካበት ጣቢያ የሌለበት ቀበሌስ? በአንዱ ጣቢያና በሌላው መካከል ስንት ማሳ፣ ስንት ሸለቆ አለ?

ለዚህ ነው ጣሳ ይዤ የመጣሁት። እዚህ የምታዩት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ። ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ርቃችሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው አጥብቃችሁ አስቀምጡት። ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የልጆች ማስመሪያ አስገብታችሁ የውኃውን ጥልቀት በሚሊሜትር አንብቡ፤ ማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ የማይጀምር ከሆነ ጫፉን ቁረጡት። አንብባችሁ ጻፉ፤ ጽፋችሁ ድፉ። ፀሐይ እንዳያተነው ጠብታ ዘይት ጣል ቢደረግበት ይረዳል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊሜትር ታገኛለች፤ በሐምሌ ብቻ ከ250 በላይ። ይህን ካወቃችሁ የራሳችሁን ከዚህ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

አንድ አደራ አለኝ። ባልዘነበ ቀን ዜሮ ጻፉ! የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች መለኪያ ሲጀምሩ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አሳየችኝ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ ዜሮ። ከጓደኞቿ አንዱ ያልዘነበበትን ቀን ባዶ ይተው ነበር። "አንተ ባዶ የተውከው ቀን አልዘነበም ወይስ አልመጣህም?" ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። እሷ የጠየቀችው ትልልቅ ባለሙያዎች የድሮ መዝገብ ሲያገላብጡ የሚቸገሩበትን ጥያቄ ነው። ባዶ ቦታ ምንም አይናገርም። ድርቅ የሚጻፈው በዜሮ ነው።

ይህ ቁጥር ለገበሬ ምን ይሠራለታል? እዚሁ ታች፣ መረሬው ላይ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር ላይ የሚያርስ አንድ ጎረቤት አለኝ። አንድ ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ማታ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። መንደሩ ሁሉ "ክረምት ገባ" አለ። እሱም ስንዴውን ዘራ። ከዚያ ሰማዩ ጥርት አለ። ቡቃያው ብቅ ብሎ ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ እያየነው ደረቀ። ዘር እንደገና በብድር ገዛ። ባለሙያዎች ክረምት ገባ የሚሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ 20 ሚሊሜትር ያህል ከዘነበና በቀጣዩ አንድ ወር ውስጥ ለሳምንት ወይም ለአሥር ቀን ዝናብ ካልተቋረጠ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ጣሳው ይነግራችኋል። ለሁለተኛው ግማሽ የአሥር ቀኑ ትንበያ ይረዳችኋል። ሁለቱን ሳይዝ የሚዘራ ሰው ዘሩን በዕጣ እየበተነ ነው።

"እኛ ግን እግዚአብሔርን ነው የምንጠብቀው" የሚሉኝ እናቶች አሉ። እኔም እሱን ነው የምጠብቀው። ዝናብ ሲዘገይ ምህላ እንይዛለን፤ "እግዚኦ" እንላለን። ሙስሊም ወንድሞቻችን ሜዳ ወጥተው የዝናብ ሶላት ይሰግዳሉ። በበልግ መግቢያ ተራራ ላይ ኢሬቻ የሚወጡ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ይለምናሉ። ይህን ተስፋ የሚነካ ሰው የለም፤ ሊነካም አይገባም። የምለምነውን ነገር መቁጠር ግን ልመናዬን አያጎድልብኝም። እንዲያውም ከጎረቤቴ ቀድሜ እንድለምንና ከልመናዬ ጋር ሥራዬን እንዳስተካክል ያደርገኛል።

ወደ ሦስተኛው፤ ካወቅን በኋላስ?

ወገኖቼ፣ ማወቅ ብቻውን ማንንም አላዳነም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ላኒና እየመጣ መሆኑ ታይቶ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እንደሚያጥር ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። በሶማሊያ ረሀብ መግባቱ የታወጀው ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። ጦርነትም ነበረ፤ የእርዳታ መንገድም ተዘግቶ ነበር። ግን ማስጠንቀቂያው ነበረ! ወደ 260 ሺህ ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ያ ዓመት የት ሄደ እላለሁ።

በ2015 ዓ.ም. በበጋ ከዕድራችን የተሰበሰበውን ይዘን ወደ ያቤሎ ወርደን ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ብዙ የከብት ሬሳ አየን። ዱብሉቅ አካባቢ አንድ ሰውዬ ላሙን ለማቆም ሲታገል አገኘነው። ጎረቤቶቹ ሁለት እንጨት ከሆዷ ሥር አስገብተው ከግራና ከቀኝ አነሷት፤ እሱ ጅራቷን ይዟል። ቆመች፤ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ። አንድ እፍኝ ድርቆሽ ወደ አፏ አስጠጋላት። ድርቆሹ ከወደ እኛ የተጫነ ነበር፤ የሱሉልታን ሣር ሽታ አውቀዋለሁ። አሸተተችው፤ አልበላችም። ሰውየው ባስተርጓሚ "ይህ ሣር ዓምና ቢመጣ ሃያዎቹም ከብቶቼ ይበሉት ነበር" አለን። ያን ያህል ሣር ዓምና በእኛ አካባቢ አልነበረም? ነበረ። በርካሽ ይሸጥ ነበር። መኪናም ነበረ። ያልነበረው ቁጥሩን አይቶ "አሁን ጫኑ" የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ ለዕድሮቻችን ይህን አቀርባለሁ፦ ድርቆሽ በሚረክስበት በኅዳር ገዝተን እናስቀምጥ። የደቡቡ የመጋቢት ዝናብ ትንበያ ከመደበኛ በታች ካዘነበለ ላም ሳትወድቅ እንጫነው፤ ካላዘነበለም ለራሳችን ከብቶች ነው፤ አይባክንም።

ለገበሬዎቻችን፦ ትንበያው ሲያዘነብል ከከብቶቻችሁ የሚሸጠውን ሥጋውና ዋጋው ሳይወርድ ሽጡ። በሬያችንን ቦራን ያየሁ ሰው ነኝና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ከወጡት የጤፍ ዘሮች እንደ ቦሰት ያሉት ቶሎ የሚደርሱ ናቸው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ። መረሬው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የያዘውን እርጥበት ሽምብራ ይጠቀምበታል፤ የክረምቱ እህል ከተበላሸ መሬቱ ጾሙን አይደር።

ለኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን፤ እደርስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ለገዳዲ ግድብ እዚህ አጠገባችን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከሚጠጣው ውኃ ብዙው ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። የክረምቱ ዝናብ ሲያጥር የገበሬው ማሳ በሐምሌ ያውቀዋል፤ የእናንተ ቧንቧ የሚያውቀው በመጋቢት ነው። ቀድማችሁ ለማወቅ የገበሬውን ደብተር ጠይቁ። ደግሞ አስሉት፦ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 400 ሊትር ውኃ ነው። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ከ300 ሊትር በላይ ሮቶ ውስጥ ይገባል። በአንድ ከሰዓት በኋላ! የጋራ ሕንፃው ጣሪያ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ኮሚቴያችሁ ይለካውና ራሳችሁ አባዙት።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ጣሳዎቹ፣ ማስመሪያዎቹና ደብተሮቹ አሉ። ከየጎጡ አንድ ቤት ይመረጥ፤ ብዙ ሰው የሚያልፍበት ሳይሆን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ሰው የሚገኝበት ቤት ይሁን። ንባቡ የሚጀምረው ሰኔ 1 ነው። በየአሥር ቀኑ ተማሪዎቹ ደብተሮቹን ሰብስበው ድምሩን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጥፋሉ፤ አጠገቡም ከደቡብና ከሰሜን ያለውን የዝናብ ካርታ ይለጥፋሉ። ጽሕፈት ለሚያስቸግራቸው አባቶች ልጆቹ ያነቡላቸዋል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ እናቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ።